የታንኳዋ አፍንጫ

ክቡራን እንግዶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወገኖቼ፤

እንኳን ደህና መጣችሁ። ጨርቁ እስኪነሳ ትንሽ ታገሱኝ። ይህ የአንዲት እናት ሥዕል ሁለት ጊዜ ተፍቆ ሦስተኛ የተሠራ ነው፤ ለምን እንደተፋቀ ሳልናገር ባሳያችሁ ደስ አይለኝም። ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ካለችው ከስፖኬን ከተማ ወደ ሰሜን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ ኡስክ የምትባል ትንሽ መንደር ታገኛላችሁ። ድልድዩን ከተሻገራችሁ በኋላ ያለው የፖንድ ኦሬይ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካሊስፔል የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አገር ነው። የወንዙ ስም ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቆዳ ነጋዴዎች የቀረ ነው፤ በጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ማለት ነው። የሕዝቡ የራሱ ቋንቋ ሳሊሽ ከሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አንዱ ነው።

የሳልኳቸውን እናት ያገኘኋቸው እዚያ፣ በረንዳቸው ላይ ነው። የላባ ዘውድ ጠብቄ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ሻሽ አስረው፣ ሹራብ ደርበው ተቀምጠዋል። ቁርጥ የሰፈራችን እማማ!

ሥዕል የተማርኩት ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ከሐዲውና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። እኝህን እናት እንዴት በጎን ልሳላቸው? እሳቸው ደግሞ እኔን አያዩም፤ ዓይናቸው ወንዙ ላይ ነው። እኔም በገዛ ሥልጣኔ ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዞርኩት። ሥዕሉን ሳሳይ የልጅ ልጃቸው፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ «አያቴን ማን አዞራት?» አለች። ያን ማታ ፋቅሁት።

ወንዙን የሚያዩት ለውበቱ ብቻ አይመስለኝም። ወገኖቻቸው ወደ አንድ ጥግ የተሰበሰቡት በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። በ1914 ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን በፊርማቸው የከለሉላቸው መሬት 4,600 ኤከር ገደማ ነበር፤ ወደ 1,900 ሄክታር መሆኑ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ወንዙ በሁለት ግድቦች ተያዘ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከዚያችው መሬት ላይ ውኃ የወሰደው አለ፤ ወንዙን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩት ትራውት ዓሦችም መንገዳቸው ተዘጋ። ሕዝቡ ራሱ እንደሚናገረው በ1965 የአንድ ሰው ገቢ በዓመት 1,400 ዶላር ያህል ነበር፤ ለሁሉም የነበረው ስልክ አንድ ብቻ!

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህም ያሳፍራል። ከበስተጀርባቸው ታንኳ ጨመርኩ። እጄ የለመደውን ነው የሠራው፤ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀለበስኳት፣ እንደ ጣና ታንኳ። እማማ ብዙ ሰዓት ዝም ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ወደ ታች፣ ወደ ውኃው ጠቆሙ። «የኛ ወደ ታች ነው የምታየው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የካሊስፔል ታንኳ የሚሠራው ከነጭ ጥድ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን ይገለብጡታል፤ ልስልሱ የውስጥ ፊት ወደ ውጭ ይሆናል። ስንጥቁን በዛፍ ሙጫ ይደፍናሉ። ሁለቱም ጫፎች ልክ እንደ ስተርጅን ዓሣ አፍንጫ ሾለው ውኃው ላይ ይተኛሉ። ከፍ ብሎ ነፋስ የሚይዘው ነገር የለም፤ በሸምበቆው መካከል ሹልክ ብላ ታልፋለች። አያቶቻቸው ሲሠሩት የነበረውን ነገር እኔ በአንድ የብሩሽ ቀለበስ ወደ ባሕር ዳር ወስጄው ነበር።

ጭናቸው ላይ ስላለውም ልንገራችሁ፣ ሽንኩርት ነው እንዳትሉ። ካማስ ይባላል። በጸደይ ሜዳውን ሰማያዊ የሚያደርግ አበባ ነው፤ የሚበላው ሥሩ ነው። ሴቶቹ በመቆፈሪያ እንጨት ያወጡትና በጋለ ድንጋይ በተሞላ ጉድጓድ ቀብረው አንድ ሁለት ቀን ያበስሉታል፤ ጠቁሮ ይጣፍጣል። መርዛማ ዘመድ አለው፤ ሥሩ እሱኑ ይመስላል፣ አበባው ግን ነጣ ያለ ነው። ስለዚህ ሜዳው ሲያብብ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የሴቶቹ ሙያ ነበር። እማማ ይህን ሲያስረዱኝ ወንዙን ረስተው መጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አዩኝ። ያንን ቅጽበት ግን አልሳልኩትም፤ የተሰጠኝ ለመማር እንጂ ለመሳል አልነበረም።

አሁን የምታዩት ሦስተኛው ነው። ፊታቸውን ግማሽ ዞር አድርጌዋለሁ፤ ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ፣ የሚያዩት ግን ወንዙን ነው። የኔታ ቢያዩት ይቆጡኝ ይሆን? እንጃ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከመቶ ዓመት በፊት ኤድዋርድ ከርቲስ የተባለው የሲያትል ፎቶግራፍ አንሺ በየጎሳው እየዞረ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች አንስቷል፤ ካሊስፔሎችንም አንስቷል። ውብ ናቸው፣ እኔም ብዙ ተምሬባቸዋለሁ። ነገር ግን ከብዙዎቹ ሥር የሰው ስም የለም፤ «የእንዲህ ያለ ጎሳ ዓይነት» ይላል፣ የከብት ዘር እንደሚመዘገብ። እኔ የእማማን ስም ሥዕሉ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ በቋንቋቸው፣ የልጅ ልጃቸው ፊደሉን አርማልኝ። ልጅቷ ቋንቋውን የምትማረው ትምህርት ቤት ነው። አጠራሩ ለኔ ምላስ ስለሚከብድ እዚህ አላበላሸውም።

እማማ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ጨርቁን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ስማቸውንም ራሳቸው ይነግሩናል። እባካችሁ ቀርባችሁ እዩ፤ ታች በግራ በኩል ግን እንዳትነኩ፣ የታንኳዋ አፍንጫ ገና አልደረቀም።