ልጆች ይዞ ኮስታ ሪካ፦ ዕቅዱን ለማን እንስጠው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱ ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ያጠፋ ጉዳይ ነው። ልጆቹን ይዘን፣ ያለ አስጎብኚ ድርጅት፣ ሁሉን ራሳችን አቅደን ኮስታ ሪካ ልንሄድ ነው። ጫካ፣ የዱር እንስሳት፣ ወንዝ፣ ጭቃ፣ ሁሉም ያለበት።

ለምን ኮስታ ሪካ? መጀመሪያ የተነሣችው እሷ አልነበረችም። ትልቋ ልጄ «ጎሪላ» ነበር ያለችው። ኡጋንዳም ሆነ ሩዋንዳ ጎሪላ ለማየት ግን 15 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ትክክል ነው ብዬ አስባለሁ። ጎሪላ የሰው ጉንፋን በቀላሉ ይይዘዋል። የኔ ልጆች ደግሞ ጉንፋን የማይለቃቸው ናቸው። በእስያ ያለችው የቦርኒዮ ደሴትም ተነሥታ ነበር። ኪናባታንጋን ወንዝ ላይ በጀልባ እየሄዱ ያንን አፍንጫው የተንጠለጠለ ጦጣ ማየት አሁንም ልቤ ውስጥ አለ። ለትንሹ ስንል አስተላለፍነው።

ኮስታ ሪካ መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ ያለች ትንሽ አገር ናት። መሬቷ 51,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚያች መሬት ላይ ሁለት ውቅያኖስ፣ እሳተ ገሞራ፣ ደመና የተኛበት የተራራ ደን፣ ማንግሮቭ የሚባለው ባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ደን አለ። ከመሬቷ ሩብ ያህሉ በሕግ የተጠበቀ ነው። አንድ ዘመን ደኗን ጨፍጭፋ ሩብ አካባቢ አድርሳው ነበር። በፈረንጆቹ 1996 የወጣው የደን ሕግ ዛፍ ላቆየ ባለመሬት ክፍያ ፈቀደ። ዛሬ ከግማሽ በላይ መሬቷ ደን ለብሷል። ለልጆቼ ከማሳያቸው ነገር ሁሉ ምናልባት ይሄኛው ይበልጥ ይሆናል። የጠፋ ደን ተመልሶ ሲበቅል በዓይናቸው ያያሉ።

እሺ፣ ወደ ዋናው ነገር። ለምን በራሳችን?

ይረክሳል ብዬ አይደለም። አንዳንዴ ይረክሳል፣ አንዳንዴ አይረክስም። እኔ የምከፍለው ለሌላ ነገር ነው፤ መቆም እንድንችል። በቡድን ስትሄዱ መኪናው ሲነሣ ትነሣላችሁ፣ ሲቆም ትቆማላችሁ። ልጅ ደግሞ እንደዛ አይደለም። ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ያየ ልጅ ከዛ ቦታ በቀላሉ አይነቃነቅም። ቅጠሉን ቆርጠው፣ ተሸክመው፣ በሰልፍ ነው የሚሄዱት። ቅጠሉን ግን አይበሉትም። ጉድጓዳቸው ውስጥ ፈንገስ ያበቅሉበታል፣ ምግባቸው እሱ ነው። ገበሬዎች ናቸው ማለት ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ቅጠሉ ላይ ደግሞ ሌላ በጣም ትንሽ ጉንዳን ተቀምጣ ትሄዳለች። ተሸካሚው ላይ እንቁላል ሊጥል የሚመጣውን ዝንብ የምትከላከለው እሷ ናት። አሁን ይሄን ያየ ልጅ «ና እንሂድ፣ ፏፏቴው ያመልጠናል» ቢባል ይሰማል? አይሰማም። ባይሰማም እውነት አለው።

ስለዚህ የኔ ዕቅድ ትልቁ ሥራ መቀነስ ሆኗል። አዲስ ቦታ ስጨምር አንድ አወጣለሁ። ሦስት ማረፊያ፣ ከዛ አይበልጥም ብያለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ የሠራው ካርታ እንዳትጠይቁኝ፣ በየቀኑ ሻንጣ መዝጋት ነበረበት።

ካርታው ራሱ ያታልላል። ላ ፎርቱና አሬናል እሳተ ገሞራ ሥር ነው። ሞንቴቬርዴ ደግሞ ያ ደመና የሚተኛበት ደን ነው። በካርታ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። በመኪና ግን ሦስት ሰዓትና ከዛ በላይ ይፈጃል፤ መሀላቸው ሐይቅ አለ፣ መንገዱ ዞሮ ነው የሚወጣው። ሰዎች ሐይቁን በጀልባ አቋርጠው ወዲህና ወዲያ በመኪና የሚሄዱበት መንገድ አለ፣ እኛም እሱን መርጠናል። ልጆቹ መኪና ውስጥ ከመታሰር ጀልባ ይሻላቸዋል። በነገራችን ላይ አሬናል በፈረንጆቹ 1968 ከፈነዳ በኋላ ለዓመታት እሳት ሲተፋ ኖሮ ከ2010 ወዲህ ጸጥ ብሏል። የድሮ ፎቶ አይታችሁ ለልጆቻችሁ ቀይ ላቫ ቃል እንዳትገቡ።

ሌላው የብርሃን ጉዳይ ነው። እዚያ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ይነጋል፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል። ሲጨልም ደግሞ ድንገት ነው። በማላውቀው ተራራማ መንገድ፣ በዝናብ፣ በጨለማ፣ ልጆች ከኋላ ጭኜ አልነዳም። ከ10 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መሆን የለብንም የሚል ሕግ አውጥቻለሁ። መኪና ስትከራዩ ኢንሹራንሱን በደንብ አንብቡ። ወንዝ በመኪና አቋርጣችሁ የመጣ ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይሸፈንም። ዳር ዳር ባሉ ቦታዎች ደግሞ ድልድይ የሌለው ወንዝ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ስለ ወቅት ብዙ አልልም። የፓስፊኩ ጎን ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ይደርቃል። የካሪቢያን ጎን የራሱ አቆጣጠር አለው፣ እዚያ ሻል የሚለው መስከረም አካባቢ ነው። እኛ ግን ትምህርት ሲዘጋ ነው የምንችለው፣ ማለትም በክረምት። ዝናብ አለ። ይኑር። ብዙ ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚህ ወቅት የምናተርፈው ደግሞ ቶርቱጌሮ በሚባለው የካሪቢያን ዳርቻ ላይ የባሕር ኤሊዎቹን ነው።

ቶርቱጌሮ በመኪና አይገባም። መኪናውን አቁመህ በቦዩ በጀልባ ነው የምትሄደው፣ ወይም በትንሽ አውሮፕላን። አረንጓዴዋ የባሕር ኤሊ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ በሌሊት ከባሕር ወጥታ አሸዋው ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። በአንድ ጊዜ መቶ ገደማ ነው የምትጥለው። አርቺ ካር የሚባል ተመራማሪ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚያ ኤሊ ላይ ምልክት እያሰረ ያጠና ነበር፤ አካባቢው በ1975 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ድሮ ሥጋዋና እንቁላሏ ይሸጥ የነበረች ኤሊ ዛሬ መንደሩን የምታኖረው በሕይወት በመታየቷ ነው።

ሌሊት ለማየት ግን ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ካሜራ የለም፣ ስልክ የለም፣ ብርሃን የለም፣ ጥቁር ልብስ ነው የሚለበሰው። ብርሃን ኤሊዋን ያስደነግጣታል፣ ሳትጥል ተመልሳ ልትገባ ትችላለች። ትልቋ ልጄ ስልክ እንደማይፈቀድ ስትሰማ የሠራችውን ፊት ባያችሁ!

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። «በራሳችን ነው የምንሄደው» ሲባል አንዳንድ ሰው አስጎብኚ አለመቅጠር ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። መኪናውን፣ ማረፊያውን፣ ሰዓቱን ራሴ እይዛለሁ። ዓይን ግን እከራያለሁ። ከዚህ በፊት ሞቃታማ ደን ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ፣ ያለ መሪ ያየሁት ነገር ቅጠል ነው። አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ። እንስሳቱ አሉ፣ ግን ብዙዎቹ ከራሳችሁ በላይ ሠላሳ ሜትር ላይ ናቸው። ስሎዝ የሚባለውን፣ ዛፍ ላይ የሚኖረውን በጣም ዘገምተኛ እንስሳ ውሰዱ። ቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ሲተኛ የምስጥ ኩይሳ ነው የሚመስለው። ጸጉሩ ላይ አልጌ ስለሚበቅል አረንጓዴም ይላል። ለመጸዳዳት እንኳ ከዛፍ የሚወርደው በሳምንት አንዴ ገደማ ነው። ይሄን ፍጡር እኔ በምን ዓይኔ ላግኘው? የአካባቢው ሰው ግን እየሄደ፣ እያወራ ቆም ይልና ቴሌስኮፑን ይደግናል። ልጅህ አጎንብሶ ያያል፣ ስሎዙ ዞር ብሎ ያየዋል። ለዚያ ሰው የሚከፈለው ገንዘብ አይቆጨኝም።

ስለዚህ ማረፊያ በቀየርን ቁጥር በመጀመሪያው ጠዋት አስጎብኚ፣ ከዛ በኋላ ራሳችን። የመጀመሪያው ቀን የት እንደሚታይና እንዴት እንደሚታይ ያሳየናል፣ ቀሪውን ልጆቹ ራሳቸው ይጫወቱበታል። አንድ አንድ ባይኖኩላር ለየራሳቸው እንገዛላቸዋለን። አንድ ባይኖኩላር ለሁለት ልጅ ጠብ ነው።

ትንሹ በየማታው «እማዬ፣ ጃጓር እናያለን?» ይለኛል። አናይም። እንደዛ ብዬ ነው የምነግረው። ጃጓር፣ ያ ነብር የሚመስለው አውሬ፣ እዚያ አለ፣ ቶርቱጌሮ ዳርቻ ላይ ኤሊ እያደነ ይበላል፣ ግን ለቱሪስት አይታይም ማለት ይቀላል። ዶክመንተሪ ላይ በአምስት ደቂቃ የምናየው ነገር ካሜራ ይዘው ወራት የጠበቁ ሰዎች ያመጡት ነው። በሱ ፋንታ የምናገኘውን ነገርኩት። ሃውለር የሚባለው ጦጣ ገና ሳይነጋ ይጮኻል፣ ድምፁ ኪሎ ሜትሮች አልፎ ይሰማል፣ የምትሰማው ጭራቅ እንጂ ጦጣ አይመስልህም አልኩት። ውኃ ላይ የሚሮጥ እንሽላሊት አለ አልኩት። አላመነኝም። ቪዲዮ አሳየሁት። አሁን ጃጓርን ትቶ ስለ እንሽላሊቱ ነው የሚጠይቀኝ።

የቀኑን አደራደር እንስሳቱ ራሳቸው ይወስኑታል። ንጋት ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ይደበቃሉ፣ ማታ ሌሎቹ ይወጣሉ። የኔ ልጆች ደግሞ በዕረፍት ቀን ነው በሌሊት የሚነቁት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። እዚያ ይጠቅመናል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጫካ፣ ቀትር ላይ እንቅልፍ ወይም ዋና፣ ከሰዓት ዝናቡን ከጣራ ሥር ማየት፣ አንዳንድ ማታ በባትሪ እንቁራሪት ፍለጋ። ከሰዓት በኋላ ምንም ነገር አልያዝኩም። ምንም።

አድቬንቸሩን በዕድሜ መዝነነዋል። ፓኩዋሬ ወንዝ ላይ ራፍቲንግ፣ ማለትም በጎማ ጀልባ ኃይለኛ ወንዝ መውረድ፣ የታወቀ ነው፣ ግን ማዕበሉ ለትንሹ አይሆንም። ላ ፎርቱና አጠገብ ፔኛስ ብላንካስ የሚባል ዝግ ያለ ወንዝ አለ፤ በጎማ ጀልባ እየተንሳፈፉ ጦጣና ወፍ ያያሉ፣ እሱ ለሁላችን ይሆናል። ሞንቴቬርዴ ላይ ተንጠልጣይ ድልድዮች አሉ። ዚፕላይኑን፣ ያንን በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተት፣ ትልቋና አባቷ ይሂዱ፣ እኔ መሬት ላይ ሆኜ አጨበጭባለሁ።

ስለ አደጋ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እባብ ነው። እባብ አለ፤ ቦት ጫማ ማድረግ፣ ከመንገዱ አለመውጣት፣ እጅን ሳያዩ የትም አለማስገባት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ባሕሩ ነው። ዳርቻዎቹ ያምራሉ፣ ነገር ግን ብዙዎቹ ላይ ወደ ውስጥ የሚጎትት ኃይለኛ ውኃ አለ፣ ጠባቂም ሁሉም ቦታ የለም። ከያዘህ ፊት ለፊት ወደ ዳር አትታገል፣ ወደ ጎን ዋኝና ውጣ። ይሄን ለልጆቹ ከመሄዳችን በፊት እናስተምራለን። ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን ነው የምትነክሰው፣ ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም። ቀኑን ሙሉ ረጅም እጅጌና የሚቀባ መከላከያ። የቢጫ ወባ ክትባት ከየት እንደምትነሡና የት እንደምታልፉ አይቶ ሊጠየቅ ይችላል። ወረቀቱ የሚሠራው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ መጨረሻው ሳምንት ላይ አትተውት።

ልጆቹ አንድ ውል ፈርመዋል፤ እንስሳ አይነካም፣ ምግብም አይሰጠውም። አገሩም በ2019 እንስሳ ታቅፎ ሰልፊ መነሣትን የሚቃወም ዘመቻ ከፍቶ ነበር። ስሎዝ አሳቅፎ ፎቶ የሚያነሣ ቦታ ካያችሁ ሳትከፍሉ ትታችሁ ሂዱ።

አሁን ያልተቋጨው ሦስተኛው ማረፊያ ነው። ባለቤቴ ኦሳ ባሕረ ገብ መሬት ይላል፣ እዚያ ያለውን ኮርኮቫዶ ፓርክ። ታፒር የሚባለው አሳማ መሳይ ትልቅ እንስሳ የሚታይበት፣ ከ2014 ጀምሮ ያለ አስጎብኚ የማይገባበት፣ እውነተኛ ጫካ። እኔ ማኑኤል አንቶኒዮ እላለሁ። ትንሽ ፓርክ ነው፣ ሰው ይበዛል፣ ትኬቱ አስቀድሞ በኢንተርኔት ነው የሚቆረጠው፣ ማክሰኞ ደግሞ ዝግ ነው። ግን መንገዱ ለትንሽ እግር ይመቻል፣ መጨረሻው ላይ ዳርቻ አለ፣ ጦጣዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ቦርሳ ለመስረቅ ነው የሚመጡት፣ ቢሆንም። ትልቋ ከአባቷ ጋር ናት፣ ትንሹ ከኔ ጋር። ሁለት ለሁለት። ከናንተ ውስጥ ልጅ ይዞ ኦሳ የደረሰ ካለ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ ወደዚያ የሚወስደው ጀልባ ከልጅ ጋር እንዴት እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። በሉ፣ ቻው።