ከግድቡ እስከ ምጣዱ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱ ድምፄን ካንቀጠቀጠው አትፍረዱብኝ።

ስለ ታዳሽ ኃይል ሲወራ ወዲያው የሚነሱት ሁለት ናቸው፤ ግድቡና የኤሌክትሪክ መኪናው። 5,150 ሜጋዋት ነው ግድቡ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እልል ብያለሁ። በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ደፋር ውሳኔ ነው፣ አልክድም።

ግን አየር ንብረቱን የሚያሞቀው የጋዝ ልቀታችን ከየት ነው የሚመጣው? በ2004 ይፋ የሆነውን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ገልጣችሁ እዩት። ግማሽ ያህሉ ከግብርና፣ 37 በመቶው ከደን መጨፍጨፍና ከማገዶ እንጨት ጋር የተያያዘ ነው። ትራንስፖርት? 3 በመቶ። ቁጥሩ የፈረንጆቹ 2010 ነው፣ ከዚያ ወዲህ መኪናው በዝቷል። ቢሆንም ሚዛኑ የተገለበጠ አይመስለኝም።

እስቲ ወደ መንዝ ውጡ። እንጀራ የሚጋገረው በኩበት፣ በባህር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ ነው። አክስቴ በበጋ ኩበቷን ጠፍጥፋ፣ አድርቃ ትከምራለች። ክምሩ ካነሰ ክረምቱ ጭንቅ ነው። እበቱ ግን ገብሱ ማሳ መግባት ነበረበት። እሱ ምድጃ ሲገባ ባሏ ዩሪያ ይገዛል። ዩሪያ ደግሞ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ወይ ከድንጋይ ከሰል ተሠርቶ፣ በዶላር ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ የሚደርስ ነው። አስቡት እንግዲህ! የራሳችንን ማዳበሪያ አንድደን የሌላ አገር ጋዝ ማሳ ላይ እንበትናለን። ይሄ የማን ሥራ ነው? የኢነርጂ ነው ስትሉ የግብርና ይባላል፣ የግብርና ነው ስትሉ የማድ ቤት ጉዳይ ይሆናል። ማድ ቤት ደግሞ ሚኒስትር የለውም።

ስትራቴጂው ረስቶታል ማለቴ አይደለም። የተሻሻለ የገጠር ምድጃን ከአራቱ ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ አድርጎታል። «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ እዚሁ አገር ውስጥም ይሠራል። ግን ማን ሪባን ይቆርጥለታል?

የኤሌክትሪክ ምጣድስ ትሉኝ ይሆናል። አንዱ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። እኛ ሰፈር እንኳ ሁሉም አንድ ላይ ሲጋግር አምፖሉ ይፈዛል። ገጠር ደግሞ መብራት የገባለትም ቢሆን አምፖል ከማብራትና ስልክ ቻርጅ ከማድረግ አያልፍም። ስለዚህ ማመንጫው ብቻውን የአክስቴን ጭስ አያጠፋውም። ትራንስፎርመር፣ የቤት ውስጥ መስመርና ለምጣዱ መግዣ ብድር ይፈልጋል። ለመኪና የታክስ እፎይታ የሰጠ መንግሥት ይሄ ይከብደዋል ብዬ አላምንም።

አገራችን በፈረንጆቹ 2030 ልቀቷን፣ ምንም ካልተሠራ ይደርሳል ከተባለው በ68.8 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ቃል ገብታለች። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ቁጥር ሥር አንድ መስመር እንዲጨመር ነው፤ በየወረዳው ስንት ቤት ከኩበት ወጣ? ባዶ ከሆነም ባዶውን እንየው።

ሳምንት እንገናኝ፣ ደህና ሁኑልኝ።