ማይክሮ ፋራዱን ብቻ አትዩ

ውድ መምህራን፣ ተማሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሰርኪዩት ነው። የ12 ቮልት የሶላር ባትሪን ወደ 5 ቮልት አውርዳ ስልክ ቻርጅ የምታደርግ፣ ባክ ኮንቨርተር የምንላት። ብዙዎቻችሁ ኤልኤም 2596 በተባለው ቺፕ ሠርታችኋታል። ቦርዱ ሲበላሽ ቺፑን ቀይረን እንገላገላለን። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ኢንዳክተሩን፣ ማለትም ኮር ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ፣ እና ቻርጅ የሚያጠራቅሙትን ካፓሲተሮች ነው። እነሱ በደንብ ካልተመረጡ አዲሱም ቺፕ ዕድሜ አይኖረውም።

ከኢንዳክተሩ ልጀምር። የቺፑ ስዊች በሰከንድ 150 ሺህ ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ሲበራ የኢንዳክተሩ ከረንት ይጨምራል፤ ሲጠፋ ይቀንሳል። ይህ ከፍ ዝቅ ማለት ሪፕል ይባላል። የተለመደው ሪፕሉን ከሙሉ ጭነቱ 30 በመቶ አካባቢ ማድረግ ነው። ሙሉ ጭነቱ 3 አምፔር ሲሆን ሪፕሉ 0.9 አምፔር ይሆናል።

እስቲ አብረን እናስላው። ባትሪው ከሶላሩ ሲሞላ 14.4 ቮልት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በ12 ሳይሆን በ14.4 እናስላ። 5ን ለ14.4 ስናካፍል 0.35 ገደማ ነው፤ ስዊቹ በርቶ የሚቆየው የእያንዳንዱን ዙር 35 በመቶ ያህል ነው። ያኔ ኢንዳክተሩ ላይ 9.4 ቮልት ያርፋል። 9.4ን በ0.35 አባዙ፤ ውጤቱን ለ150 ሺህ፣ ከዚያም ለ0.9 አካፍሉ። 24 ማይክሮ ሄንሪ ገደማ ይመጣል፤ ማይክሮ ሄንሪ የኢንዳክተር መለኪያ ነው። ከዚያ በላይ ያለውንና በቀላሉ የሚገኘውን 33 እንውሰድ። ሪፕሉ ወደ 0.66 አምፔር ይወርዳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እባካችሁ አታቁሙ። 33 ማይክሮ ሄንሪ የተባለ ሁሉ እኩል አይደለም። የአምራቹ መረጃ ወረቀት፣ ዳታሺቱ፣ ላይ ሁለት የከረንት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው ሽቦው ከመጠን በላይ ሳይግል የሚሸከመው ነው። ሁለተኛው ኮሩ ሳቹሬት የሚያደርግበት፣ ማለትም ተጨማሪ መግነጢስ መያዝ እስኪያቅተው የሚሞላበት ነው። ከዚያ በኋላ ኢንዳክተሩ ከተራ ሽቦ ብዙም አይለይም፤ ከረንቱን የሚገታው ነገር የለም።

የእኛ ከፍተኛ ከረንት 3 ሲደመር የሪፕሉ ግማሽ፣ ማለትም 3.33 አምፔር ነው። ነገር ግን ቺፑ ራሱን የሚከላከለው 4.5 አምፔር አካባቢ ሲደርስ ነው። አንድ ሰው የቻርጀሩን ገመድ ሾርት ቢያደርገው ኢንዳክተሩ ያን ሁሉ ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ እኔ ሳቹሬሽኑ ከ4.5 በታች የሆነ አልገዛም።

ከአሮጌ ቦርድ ነቅሎ መጠቀም የምናውቀው ነገር ነው፤ አልከለክላችሁም። ግን ሳትፈትኑ አትበይዱት። ለውጡን በስክሪን ላይ በመስመር በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፕ፣ ከረንቱን እዩት። ጤነኛ ከሆነ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ኮሩ ከሞላ ግን የሚወጣው መስመር ጫፉ ላይ በድንገት ሽቅብ ይታጠፋል። ያቺን እጥፋት ካያችሁ ያን ኢንዳክተር ለሌላ ሥራ አስቀምጡት። ፌራይት ኮር ሲሞላ እንዲህ ድንገተኛ ነው። የብረት ዱቄት ኮር ቀስ እያለ ነው የሚደክመው፤ በዚህ ፍጥነት ግን የበለጠ ይግላል።

ወደ ካፓሲተሮቹ ልለፍ። በውጤቱ፣ ማለትም 5 ቮልቱ በሚወጣበት በኩል፣ ዋናው ጉዳይ የማይክሮ ፋራዱ፣ ማለትም የካፓሲተሩ አቅም፣ ብዛት ሳይሆን ኢኤስአር የምንለው የውስጥ ሬዚስታንስ ነው። 50 ሚሊ ኦም ከሆነ የእኛ ሪፕል 33 ሚሊ ቮልት ያህል ይፈጥራል። ያረጀ ካፓሲተር 300 ሚሊ ኦም ቢደርስ 200 ሚሊ ቮልት ይሆናል። ተራ መልቲሜትር ማይክሮ ፋራዱን ደህና ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ኢኤስአር የሚለካ መሣሪያ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ባይኖር ተዋጥታችሁ ግዙ፤ ገንዘቡን ታወጣለች። በሌላ በኩል ኢኤስአሩ ዝቅ ይበል ብላችሁ ኤልኤም 2596 ውጤት ላይ ሴራሚክ የተባለውን የካፓሲተር ዓይነት ብቻ አታድርጉ። ይህ ቺፕ የቆየ ዲዛይን ነው፤ ኢኤስአሩ ከመጠን በላይ ካነሰ መዋዠቅ ይጀምራል።

የተረሳው የመግቢያው ካፓሲተር ነው። የሚሠቃየውም እሱ ነው። ኢንዳክተሩ ውጤቱን ያለሰልስለታል፤ መግቢያው ላይ ግን ከረንቱ በአንዴ 3 አምፔር፣ በአንዴ ዜሮ ነው። ባትሪው 12 ቮልት ላይ ሲሆን መግቢያው የሚሸከመው ሪፕል ከረንት 1.5 አምፔር አካባቢ ይደርሳል። ስትገዙ ይህን ቁጥር ጠይቁ። ሙቀቱም ዕድሜውን ይበላል። ውስጡ ፈሳሽ ላለው የካፓሲተር ዓይነት፣ ለኤሌክትሮላይቲክ፣ በግምት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የተባለለት በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ ያለማቋረጥ ቢሠራ ሦስት ዓመት ተኩል ያልፋል። ስለዚህ ከዳዮዱና ከቺፑ ሙቀት ትንሽ አርቁት።

አጠገቡ አንድ ሴራሚክ ጨምሩ። እሱን ግን ቺፑ እግር ሥር አስጠጉት። ደረጃው በሙቀት ብዙ የማይለዋወጠው ኤክስ7አር ይሁን፤ ቮልቴጁ ደግሞ 25 ወይም 50። 10 ማይክሮ ፋራድ፣ 16 ቮልት የተጻፈበት ትንሽዬ ሴራሚክ 12 ቮልት ሲያርፍበት ከግማሽ በላይ አቅሙን ሊያጣ ይችላል። የተጻፈው 10 ነው፤ የምታገኙት 4 ሊሆን ይችላል።

ሁለት ቦርዶች ጠረጴዛው ላይ አሉ። አንዱ ኮሩ የሚሞላ ኢንዳክተር አለው፤ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም። ኑና በኦሲሎስኮፑ ራሳችሁ ፈልጉት። አመሰግናለሁ።