የሚለካውና የማይለካው

(በእንጦጦ ግርጌ በሚገኝ ትምህርት ቤት፣ በሳይንስ ክበብ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

የክበቡ ልጆች ሳይንስ ስለ ፈጣሪ ምን እንዳረጋገጠ እንድናገር ጠይቃችሁኛል። መኖሩንም አለመኖሩንም አላረጋገጠም። ሳይንስ የሚመረምረው የሚታየውን፣ የሚለካውን፣ ሌላ ሰው ሞክሮ ሊያፈርሰው የሚችለውን ነው። ከፍጥረት ሁሉ በላይ ነው የምንለው አምላክ በየትኛው ሚዛን ይወጣል?

በደርግ ዘመን ያደግን ሰዎች የቀበሌውን አዳራሽ አንረሳውም። በውይይት ክበብ አንድ ካድሬ ተነሥቶ «የሶቪየቱ ጠፈርተኛ ጋጋሪን ሰማይ ወጥቶ እግዚአብሔርን ፈልጎ አጣው» አለን። አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡና «ለመሆኑ ምን ያህል ርቆ ሄደ?» ብለው ጠየቁት። ካድሬው ቁጥሩን አያውቅም፤ ስለዚህ ተቆጣ። አድኃሪ ብሎ ሰደባቸው፣ ከአዳራሹም አስወጣቸው። አንገታቸውን ሳይደፉ ነው የወጡት። ቁጥሩን እኔ ልንገራችሁ፦ ጋጋሪን እ.ኤ.አ. በ1961 በ108 ደቂቃ በረራ ምድርን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከፍታው ቢበዛ 327 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚህ ደሴ የሚወስደው መንገድ ይበልጣል! በበረራው ከተቀዳው ንግግር ውስጥም ያ አባባል የለም። ካድሬው የራሱን እምነት የሳይንስ ካባ አልብሶ ነው ያመጣብን።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ጠፈርና በውስጡ ያለው ሁሉ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት መስፋፋት እንደ ጀመረ ሰምቶ «ሳይንስ ለዘፍጥረት መሰከረ» የሚለው በዝቷል። የሐሳቡ አፍላቂ ቤልጅየማዊው ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ካህን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ግኝቱን ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲናገሩ ለሜትር ደስ አላላቸውም። እየቀደሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስሌቱ ግን ስሌት ሆኖ እንዲቆይ ፈለጉ። እንዲህ ያለውን ካህን አከብራለሁ።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። «ሳይንስ ሁሉን አያውቅም» የሚለውን እውነት ይዞ፣ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ፣ በሽተኛን «ኪኒንህን ጣል፣ ጠበሉ ይበቃሃል» የሚል ሰባኪ ነኝ ባይ በዚህ ተራራ ግርጌ አለ! አዎን፣ ሳይንስ ሁሉን አያውቅም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ በደም ውስጥ እንደገና እንደሚራባ ግን ያውቃል! በየአገሩ ተለክቷል፤ ተደጋግሞ ተለክቷል። ያልታወቀ ነገር መኖሩ የታወቀውን አይሽረውም! ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ አስተምረዋል። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በማን ሥልጣን ነው የጎረቤቶቻችንን ልጆች ወላጅ የሚያሳጡት? ጠበል አትጠጡ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ አይወጣምም። ኪኒን የሚያስጥለውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ እናንተም አትለፉት!

ተማሪዎች፣ ከበላያችን በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የጉብኝት ደብዳቤ ጽፈናል። የቤተ ሙከራው ጣሪያ ጉዳይ ደግሞ በወላጆች ኮሚቴ እጅ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ይታሰብበት። አመሰግናለሁ።