በሕዝብ ገንዘብ የዳኑ የመኪና አምራቾችና የሠራተኛው ድርሻ

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

በዚህ መድረክ ላይ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። የምናገረው መንግሥታት ለኪሳራ የተቃረቡ የመኪና አምራቾችን በሕዝብ ገንዘብ ሲታደጉ ሠራተኛው ስለሚከፍለው ዋጋ ነው። ዋና ማስረጃዬ በ2008 እና በ2009 በአሜሪካ የተፈጸመው ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አቋሜን ግልጽ ላድርግ። ጀነራል ሞተርስና ክራይስለር ይውደቁ ብለው ከሚከራከሩት ወገን አይደለሁም። በ2007 ከ16 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአሜሪካ ዓመታዊ የመኪና ሽያጭ በ2009 ወደ 10.4 ሚሊዮን ወርዶ ነበር፤ ባንኮችም ማበደር አቁመው ስለነበር አንድ ትልቅ አምራች በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ሆኖ ራሱን የሚያደራጅበትን ብድር ከግል ገበያ ማግኘት አይችልም ነበር። ቀደም ብሎ በ2006 ወደ 23.6 ቢሊዮን ዶላር ተበድሮ የነበረውና የነፍስ አድን ብድሩን ያልወሰደው ፎርድ እንኳ ተፎካካሪዎቹ እንዲረዱ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ደግፏል፤ ምክንያቱም ወንበሩን፣ ፍሬኑንና የኤሌክትሪክ ገመዱን የሚያቀርቡለት ድርጅቶች ለሁሉም የሚያቀርቡት ነበሩ፤ እነርሱ ከወደቁ የፎርድም መስመር ይቆማል። ስለዚህ መታደጉ ተገቢ ነበር። የእኔ ጥያቄ የሕዝቡ ገንዘብ ሲሰጥ በውሉ ላይ የማን ግዴታ ተጻፈ፣ የማንስ ሳይጻፍ ቀረ የሚለው ነው።

በታኅሣሥ 2008 ለአምራቾቹ 14 ቢሊዮን ዶላር ለማበደር የቀረበው ረቂቅ ሕግ ሴኔት ላይ ሲደርስ የወደቀበት ዋነኛ ምክንያት የሠራተኛው ደመወዝ ነበር። ተቃዋሚ ሴናተሮች የተባበሩት የመኪና ሠራተኞች ማኅበር አባላት ክፍያ በቁርጥ ቀን በአሜሪካ ምድር ከሚያመርቱት የጃፓን ኩባንያዎች ሠራተኞች ክፍያ ጋር እንዲስተካከል ጠየቁ፤ ማኅበሩ ቀኑን ለመቀበል ፈቃደኛ ባለመሆኑ ድርድሩ ፈረሰ። ከዚያ ፕሬዚዳንት ቡሽ ለባንኮች ከተመደበው የ700 ቢሊዮን ዶላር ፈንድ 17.4 ቢሊዮን ለሁለቱ ኩባንያዎች እንዲበደር ወሰኑ። ከብድሩ ጋር የተያያዙት የውል ነጥቦች ግን ሴኔት ላይ የወደቀውን ጥያቄ መልሰው አመጡት፤ የሠራተኛው ጠቅላላ ክፍያ እስከ 2009 መጨረሻ ከቶዮታ፣ ከሆንዳ ወይም ከኒሳን ጋር እንዲመጣጠን፣ የሥራ ደንቦቹም እንደዚያው እንዲሆኑ፣ ሥራ በመታጣቱ ለሚቀመጡ ሠራተኞች የሚከፈለው ገንዘብ ከተለመደው የስንብት ክፍያ በስተቀር እንዲቀር፣ ለጡረተኞች ሕክምና ኩባንያዎቹ በጥሬ ገንዘብ ከሚያስገቡት ግማሹ በአክሲዮን እንዲተካ አደረጉ። ሞዴሉን የመረጠው፣ ብድሩን ያበዛው፣ የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የሚሸጥ አነስተኛ መኪና ያላዘጋጀው ሠራተኛው አልነበረም፤ የሂሳቡ ማስተካከያ ግን በቁጥርና በቀን ተወስኖ የተጻፈው በእርሱ ስም ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ በዚያው ጊዜ የሆነ ሌላ ነገር አለና። በመጋቢት 2009 በግዙፍ የሕዝብ ድጋፍ የተረፈው ኤአይጂ የተባለው የመድን ኩባንያ፣ ለኪሳራ ባበቃው ክፍል ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች 165 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ሊከፍል መሆኑ ተሰማ። ሕዝቡ በቁጣ ሲነሣ ከመንግሥት ባለሥልጣናት የተሰጠው መልስ ውል አስቀድሞ ስለተፈረመ መንግሥት እንዲሁ ሊያፈርሰው አይችልም የሚል ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኦባማ የጀነራል ሞተርስንና የክራይስለርን የማገገሚያ እቅድ በቂ አይደለም ብለው መለሱ፤ የጀነራል ሞተርስ ሥራ አስኪያጅ ሪክ ዋጎነር ለቀቁ፤ ሠራተኞቹም አስቀድመው የፈረሙትን የኅብረት ስምምነት እንደገና ከፍተው እንዲያሻሽሉ ተገደዱ። የኅብረት ስምምነትም ውል ነው። ሁለት ወገኖች ተደራድረው የፈረሙበት፣ ሠራተኛው በእርሱ ተማምኖ ቤት የገዛበትና ልጅ ያስተማረበት ውል ነው። የአንዱ ውል የማይነካ፣ የሌላው ውል በአንድ ወር ውስጥ የሚከለስ የሆነበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አጥጋቢ በሆነ መንገድ ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

ክራይስለር በሚያዝያ 30፣ ጀነራል ሞተርስ በሰኔ 1 ቀን 2009 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። አዲሱ ጀነራል ሞተርስ ሲቋቋም 60 በመቶ ያህል ድርሻ በአሜሪካ መንግሥት እጅ ገባ፤ ካናዳና የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር 11.7 በመቶ፣ የጡረተኞቹ የሕክምና ፈንድ 17.5 በመቶ ያዙ። በዚህ ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩት ሠራተኞች የኑሮ ውድነት ማካካሻቸውን አጡ፤ እስከ 2015 ድረስ በደመወዝ ጉዳይ የሥራ ማቆም አድማ ላለማድረግና አለመግባባትን በግልግል ለመጨረስ ተስማሙ። ጡረተኞች የጥርስና የዓይን ሕክምና ሽፋናቸው ተቋረጠ። በ2007 ስምምነት የተጀመረው አዲስ ተቀጣሪን በሰዓት 14 ዶላር ገደማ የመቅጠር አሠራር ሥር ሰደደ፤ ከጎኑ የሚሠራው ነባር ሠራተኛ ግን 28 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። በሚሺጋን ኦሪየን ፋብሪካ በ2010 አዲስ አነስተኛ መኪና ለማምረት ሲወሰን ከሠራተኞቹ 40 በመቶ የሚሆኑት በዝቅተኛው ደመወዝ እንዲሠሩ ተደረገ። ሁለት ሰዎች አንድ መስመር ላይ ቆመው አንድ ብሎን እያጠበቁ አንዱ የሌላውን ግማሽ የሚያገኝበት ፋብሪካ፣ የማኅበሩን አንድነት ከውስጥ ይበላዋል።

ከሁሉም ይልቅ ግን የዴልፋይ ጡረተኞች ጉዳይ ነው የሚቆጨኝ። ዴልፋይ በአንድ ወቅት የጀነራል ሞተርስ አካል የነበረ፣ በኋላ ተለይቶ የወጣና በ2005 ኪሳራ ያወጀ የመለዋወጫ አምራች ነው። በ2009 የጡረታ ፈንዱ ተቋርጦ ለፌዴራሉ የጡረታ ዋስትና ድርጅት ተላለፈ፤ ድርጅቱ ደግሞ የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነ ጣሪያ ብቻ ነው። የተባበሩት የመኪና ሠራተኞች ማኅበር አባላት የሆኑት ጡረተኞች ቀድሞ በተገባ ስምምነት መሠረት ጉድለታቸው በጀነራል ሞተርስ ተሞላላቸው፤ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉት በወር ደመወዝ ይሠሩ የነበሩ የማኅበር አባል ያልሆኑ ጡረተኞች ግን ብዙዎቹ የተሰላላቸውን ጡረታ በከፊል አጡ። ከአሥር ዓመት በላይ ተከራከሩ፤ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳያቸውን አላይም አለ። እነዚህ ሰዎች ማኅበርን የሚጠሉ አልነበሩም፤ የተጻፈ ዋስትና ያልነበራቸው የእኛው የሥራ ባልደረቦች ናቸው። የማኅበሩ ጡረተኞች በመትረፋቸው ሊወቀሱ አይገባም፤ ሁለቱንም ወገን የሚጠብቅ ሕግ በአንዲት መስመር መጻፍ ይቻል ነበር።

መንግሥት ለመኪናው ዘርፍ ካወጣው ወደ 80 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ወደ 70 ቢሊዮን ያህሉ ተመልሷል። የመጨረሻው የጀነራል ሞተርስ አክሲዮን በታኅሣሥ 2013 ሲሸጥ፣ በዚያ ኩባንያ ላይ ብቻ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የገንዘቡን ኪሳራ በበኩሌ እቀበለዋለሁ፤ ከተረፈው ሥራ ጋር ሲመዘን ውድ አይደለም። የማልቀበለው መንግሥት ያህል ባለድርሻ ሲወጣ ለሠራተኛው አንድም የሚዘልቅ ግዴታ ሳያስቀር መውጣቱን ነው። ኩባንያው በ2015 ለባለአክሲዮኖች ሲል 5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የራሱን አክሲዮን መልሶ እንደሚገዛ አስታወቀ። በኅዳር 2018 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ አምስት ፋብሪካዎች ያለ ሥራ እንደሚቆዩና ከ14 ሺህ በላይ የሥራ ቦታዎች እንደሚቀነሱ ተናገረ። ከእነዚህ አንዱ ከ1966 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው የኦሃዮው የሎርድስታውን ፋብሪካ ነበር፤ በመጋቢት 2019 የመጨረሻዋ መኪና ወጥታ ተዘጋ። በ2009 ስለ መሥዋዕትነታቸው ሲመሰገኑ የነበሩት ሠራተኞች በእጃቸው የነበረው ምስጋና ብቻ ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የተጻፈ ግዴታ ምን ማድረግ እንደሚችል የታየው በዚያው በሎርድስታውን ነው። የኦሃዮ ክፍለ ሀገር ለፋብሪካው ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ የግብር ቅናሽ ሲሰጥ ሥራው ለተወሰኑ ዓመታት እንዲቆይ በውል አስሮ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ክፍለ ሀገሩ ውሉን አውጥቶ ጠየቀ፤ በ2020 ኩባንያው 28 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስና በአካባቢው ተጨማሪ 12 ሚሊዮን ዶላር እንዲያውል ተወሰነ። ሥራውን አልመለሰም፤ ሆኖም አንድ ክፍለ ሀገር በጥቂት ሚሊዮኖች ያደረገውን የፌዴራሉ መንግሥት በአሥር ቢሊዮኖች ሳያደርገው ቀረ።

የጠፋውን መልሶ ለማግኘት ሠራተኛው ራሱ መታገል ነበረበት። በ2019 ወደ 48 ሺህ የሚጠጉ የጀነራል ሞተርስ ሠራተኞች ለ40 ቀናት ሥራ አቆሙ፤ ሎርድስታውን ግን አልተከፈተም። በ2023 በተባበሩት የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት በሾን ፌይን መሪነት በሦስቱ ትላልቅ ኩባንያዎች፣ ማለትም በጀነራል ሞተርስ፣ በፎርድና የክራይስለር ባለቤት በሆነው በስቴላንቲስ ላይ በአንድ ጊዜ የተካሄደው አድማ የኑሮ ውድነት ማካካሻውን መለሰ፤ በአራት ዓመት ተኩል የሚከፈል 25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪም አስገኘ። ለመታደጊያው ሲባል የተተወው ማካካሻ የተመለሰው ከ14 ዓመታት በኋላ ነው ማለት ነው። ከ2007 ወዲህ የተቀጠሩት ግን ነባሮቹ የነበራቸውን የጡረታ አበልና የጡረታ ዘመን ሕክምና ዛሬም አላገኙም። በ2009 አርባ አምስት ዓመት የነበረው ሰው እስከዚያ ድረስ ጡረታ ሊወጣ ተቃርቧል።

ስለዚህ ወደፊት የትኛውም መንግሥት የትኛውንም አምራች በሕዝብ ገንዘብ ሲታደግ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ሠራተኛው ደመወዙን ወይም ጡረታውን ከቀነሰ፣ ኩባንያው ወደ ትርፍ ሲመለስ የተቀነሰው በስንት ዓመት እንደሚመለስለት በቁጥር ይቀመጥ፤ እስኪመለስለት ድረስም ኩባንያው የራሱን አክሲዮን መልሶ እንዳይገዛ ይከልከል። ፋብሪካ ቢዘጋ ለዚያ ፋብሪካ የሚመለሰው ገንዘብ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን። የማኅበር አባል የሆነውም ያልሆነውም ጡረታ በአንድ ደረጃ ይጠበቅ። በድርድሩ ክፍል ውስጥ አበዳሪዎች ወንበር ካገኙ ሠራተኞችም ያግኙ፤ በ1980 ክራይስለር በመንግሥት የብድር ዋስትና ሲተርፍ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ፍሬዘር በኩባንያው ቦርድ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ብድሩም በ1983 ከጊዜው ሰባት ዓመት ቀድሞ ተከፍሏል፤ ሠራተኛ ቦርድ ውስጥ መግባቱ ኩባንያ ያፈርሳል ለሚሉ ይህን አቀርባለሁ።

እናንተ የሠራተኛ ተወካዮች ደግሞ ቀውሱ ደጃፍ ላይ ከደረሰ በኋላ የምትደራደሩበት ጊዜ የሚለካው በቀናት ስለሆነ፣ እነዚህን አንቀጾች ዛሬ፣ ፋብሪካዎቹ በሚሠሩበት ወቅት አርቅቃችሁ በእጃችሁ እንድትይዙ እጠይቃችኋለሁ። ረቂቁን ለማዘጋጀት የሚቋቋም ኮሚቴ ካለ በሙያዬ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።