የልብ ምት ሲዛባ
(ለእድር ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ ሊቀመንበራችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ። የልብ ክሊኒክ ነርስ መሆኔን ታውቃላችሁ። ሊቀመንበራችን «ስለ ልብ ንገሪን፣ ግን እንዳታስረዝሚው» ብለውኛል። ከመዋጮው አጀንዳ በፊት ስለገባሁ ቶሎ እጨርሳለሁ።

እስቲ የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ አድርጉ፣ በአውራ ጣት በኩል። ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። አገኛችሁት? ላረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ደህና ነው። እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱ ያሳስበኛል። አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት እያለ ጭራሽ ሥርዓት ካጣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ያስፈልገዋል።

ልብ የሚመታው ራሱ በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪኩ መንገድ ሲዘጋ ምቱ ይዘገያል፣ ሰው ራሱን ይስታል። ያኔ ፔስሜከር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ከደረት ቆዳ ሥር ይቀበራል። ትርፍ መንገድ ይዘው የሚወለዱም አሉ። ልባቸው ድንገት ይጋልባል፣ ድንገት ይመለሳል። ያንን መንገድ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ሽቦ ማቃጠል ይቻላል። አልፎ አልፎ ምት መዝለል ግን፣ ልቡ ጤነኛ ለሆነ ሰው፣ ብዙ ጊዜ አያስፈራም።

ዛሬ ላወራ የመጣሁት ስለ አንዱ ነው፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ስለሚባለው። የልብ የላይኛው ክፍል መጭመቁን ትቶ ይርገበገባል። ደሙ እዚያው ይተኛል፤ የተቀመጠ ወተት እንደሚረጋ ይረጋል። የረጋው ተነስቶ ጭንቅላት ከገባ ስትሮክ ነው። ይህ ሕመም የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። ምንም ሳይሰማቸው ኖረው ፊታቸው ሲጣመም፣ እጃቸው ሲዝል የሚያውቁት አሉ።

ከየት ይመጣል? ደም ግፊት፣ መጠጥ፣ ሆርሞኑ የበዛ እንቅርት፣ ዕድሜ። እኛ አገር ግን ወጣቶችንም ይይዛል፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ከእሱ የሩማቲክ በሽታ ይመጣል፣ ቫልቭ የሚባለውን የልብ በር ያጠብባል፣ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱ ይዛባል። እንጥል ማስቆረጥ ይህንን አይከላከልም። ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ፔኒሲሊን ርካሽ ነው።

ሕክምናው ምቱን የሚያረጋጋ ኪኒን አለው። ስትሮክን የሚከላከለው ግን ደም ማቅጠኛው ነው። «አሜሪካ ያለችው ልጄ አዲሱን ልላክልሽ አለች» የሚሉኝ እናቶች አሉ። አዲሶቹ ለብዙ ሰው ጥሩ ናቸው። በሩማቲክ ቫልቩ ለጠበበ ግን የቆየው ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን፣ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ፣ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ከ4500 በላይ የሩማቲክ ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ዋርፋሪን ከሚወስዱት የሞተው ሰው ያነሰ ነበር።

ዋርፋሪን ግን ክትትል ይፈልጋል። እናቶች የምርመራ ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡልናል። ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው፣ አይኤንአር የሚባለው ቁጥር ለአብዛኞቹ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በሁዳዴ ወርዶ እናገኘዋለን። ምን በሉ? ጎመን! በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል። ጎመን አትብሉ አልልም፤ መጠኑን አትለዋውጡት፣ ጾም ሲገባም ንገሩን። ዋርፋሪን እየወሰዱ ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ደግሞ ክፉኛ ሊያደማ ይችላል። ፀበል የምትሄዱም ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያም ዋጡት።

ወጣት ሴቶች፣ ዋርፋሪን ጽንስ ይጎዳል። ለማርገዝ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙት።

ሊቀመንበራችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። የደም ግፊት መለኪያ ይዣለሁ፤ ከመዋጮው በኋላ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። አሁን እጃችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ምቱ ሥርዓት የለሽ የሆነባችሁ ቅድሚያ ታገኛላችሁ። አመሰግናለሁ።