ብሎኑ እምቢ ሲል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት የተነጋገርነው ሞተር ሳይክልን ቤት ውስጥ ስለመጠገን ነበር። ስለ ዘይት ቅየራና ስለ ካርቡሬተር ጽዳት ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ስልኩ ሲከፈት ግን ጥያቄው ሁሉ አንድ ሆነ፦ «ብሎኑ አልፈታ አለኝ።» ሰዓቱ አልበቃንም። በአየር ላይ በአጭሩ ያለፍኳቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ከጅማ የደወለ ወጣት፦ «ሞተሬ ቦክሰር ናት። ማርሚታውን፣ የጭስ መውጫውን፣ ላወርድ ስል ዳዶዎቹ ዝገው አስቸገሩኝ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ ልሞክር ወይ?»

ተው ወንድሜ፣ ቧንቧውን አስቀምጠው። ቧንቧ ጉልበት ይጨምራል እንጂ ዝገት አያስለቅቅም። ዳዶው የታሰረበት፣ ከኢንጅኑ አናት ከቴስታታው የሚወጣው ባለ ጥርስ ዘንግ ቀጭን ነው። በትንንሽ ሞተሮች ላይ 6 ወይም 8 ሚሊ ቢሆን ነው። ዝገት ዙሪያውን ሲበላው ደግሞ ከዚያም ይቀጥናል። በቧንቧ ስትጎትተው መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ዝገቱ ሳይሆን ዘንጉ ነው።

የማርሚታ ዳዶ ከሁሉም የከፋ ነው። በየቀኑ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከፊት ጎማ የሚነሳው ጭቃና ውሃ ይረጭበታል። የጅማን ክረምት ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ሥራውን የአንድ ሰዓት ሳይሆን የሁለት ቀን አድርገህ አስበው።

መጀመሪያ ከዳዶው ውጪ የሚታየውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ዳዶው ሲወጣ የሚሄደው በዚያ ዝገት ላይ ነው፤ መንገዱን ካልጠረግክለት መሃል ላይ ይነክሳል። ከዚያ ሞተሩን አምስት ደቂቃ አስነሳና አጥፋ። እጅ የሚችለው ያህል ሲበርድ ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ንፋበት። ለብ ያለ ብረት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይስባል። በጋለ ማርሚታ ላይ ግን አትርጭ፤ ይጨሳል፣ እሳትም ሊይዝ ይችላል።

ደብልዩ ዲ 40 የሚባለውን ዝገት ማስለቀቂያ ካጣህ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ለእኩል ቀላቅል። ሁለቱ ተዋህደው አይቆዩም፤ በተጠቀምክ ቁጥር ናጠው። አሴቶን ቀለምና ፕላስቲክ ይበላል። እሳትም ቶሎ ይይዛል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛህን ራቅ አድርገው። ዘይቱ ከገባ በኋላ ዳዶውን በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ኳ ኳ አድርገው። የንዴት መወጫ አይደለም፤ ዝገቱ እንዲሰነጠቅና ዘይቱ እንዲሰርግ ነው። ማታ አንዴ፣ ጠዋት አንዴ፣ ማታ ደግሞ አንዴ።

አሁን ቁልፉን አስገባ። መጀመሪያ በጥቂቱ አጥብቀው። አዎ፣ አጥብቀው። የተጣበቀው ዝገት በየትም አቅጣጫ ቢሰበር ለአንተ ያው ነው። ከዚያ ወደ መፍቻው አዙር። ሩብ ዙር ከወጣ ትንሽ መልሰው፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና አውጣ።

እዚህ ላይ እጅህን አድምጥ። ብሎን ሲለቅ «ቋ» ይላል። ድምፁ ደረቅና አጭር ነው፤ ክንድህም ድንገት ይቀለዋል። ሊሰበር ሲል ግን ድምፅ የለውም። ማስቲካ የምትጠመዝዝ ያህል እየለሰለሰ ይመጣል። ይዞራል፣ ግን አይወጣም። ያ ስሜት እጅህ ላይ እንደመጣ አቁም። መልሰውና አንድ ሌሊት ደግሞ ዘይት ይጠጣ።

ሦስት ቀን ዘይት ጠጥቶም እምቢ ካለ ዳዶውን ሠዋው። ጎኑን በብረት መጋዝ ሰንጥቀህ በመሮ ክፈተው። መጋዙ የዘንጉን ጥርስ ሳይነካ አቁም። ዳዶ ርካሽ ነው። ቴስታታ ውስጥ የተሰበረ ዘንግ ግን ቶርኖ ቤት ይወስድሃል።

ከባሕር ዳር የደወሉ አባት፦ «የድሮ የጃፓን ሞተር አለኝ። የኢንጅኑ የጎን ክዳን በመስቀለኛ ካቻቪቴ በሚፈቱ ብሎኖች ነው የታሰረው። የሁለቱ ጭንቅላት ተበላ። ብሎኑ ጥራት የለውም ማለት ነው?»

አይደለም አባቴ፣ ጥፋቱ የካቻቪቴው ነው። ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው መስቀለኛ ካቻቪቴ ፊሊፕስ የሚባለው ነው። ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ኃይል ሲበዛበት ተንሸራቶ ይወጣል። የጃፓን ሞተሮች ብሎን በጃፓን ደረጃ፣ ጂስ በሚባለው፣ የተሠራ ነው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ በጥልቀቱና በማዕዘኑ ላይ ነው። ፊሊፕሱ እስከ ታች አይገባም፤ ከላይ ከላይ ይዞ ጭንቅላቱን ይልጠዋል። ብዙ ጊዜ የጃፓኑ ብሎን ጭንቅላት ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። እሷን ካዩ ፊሊፕሱን ወደ ሳጥኑ ይመልሱት።

የጂስ ካቻቪቴ ካላገኙ አንድ ያረጀ ፊሊፕስ ይውሰዱና የጫፉን ሹል በሞረድ ጥቂት ያሳጥሩት። ያኔ ጠልቆ ይቀመጣል። ካቻቪቴውን ብሎኑ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና ከኋላው በመዶሻ ሁለት ሦስቴ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ይህ ምት ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ከዚህም የሚሻለው በመዶሻ ሲመታ ራሱ የሚዞረው ካቻቪቴ ነው። ቤቱ ሞተር ያለው ሰው ቁልፍ ከገዛ በኋላ ቀጥሎ መግዛት ያለበት እሱን ነው እላለሁ።

የተበሉት ሁለቱስ? ጭንቅላታቸው ከክዳኑ ከፍ ካለ ነክሶ በሚቆልፍ ፒንሳ ዙሪያውን ይያዙት። ካልሆነ የጭንቅላቱን ጠርዝ በትንሽ መሮ ወደ ግራ እየነዱ ይምቱ። የመጨረሻው መንገድ ጭንቅላቱን በትራፓኖ መብሳት ነው። ለ6 ሚሊ ብሎን የ6 ሚሊ ፑንታ ይበቃል፤ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይወድቃል። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ግን ብሎንን አጥብቆ የሚይዘው ጭንቅላቱ ክዳኑ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው። ጭንቅላቱ ሲሄድ ጫናው አብሮ ይሄዳል። ክዳኑን ካነሱ በኋላ የቀረው ጉቶ አንዳንዴ በጣት ይወጣል።

ክዳኑን ሲያነሱ አንድ ካርቶን ላይ ቅርጹን ይሳሉ። በየብሎኑ ቦታ ቀዳዳ ያብጁና እያንዳንዱን በየቦታው ይሰኩት። ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ገብቶ ሲጠብቅ ካርተሩን፣ የኢንጅኑን ቅርፊት፣ ይሰነጥቃል፤ ያኔ ብሎን ብቻ ገዝተው አይገላገሉም።

ከወልድያ፦ «የመሥሪያ ቤት ያማሃ ነው የምነዳው። የቀኝ መስታወቱን ለመፍታት ብዙ ታገልኩ፤ ጭራሽ እየጠበቀ ሄደ።»

እያጠበቅከው ነዋ! በብዙ የያማሃ ሞተሮች የቀኝ መስታወት ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ቀኝ አዙረው፣ ይፈታል። የብስክሌት የግራ ፔዳልም እንዲሁ ነው።

ከሐዋሳ የደወለች እህት፦ «ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ሞተር እየፈታ ነው። መጀመሪያ ኮካ ኮላ አፈሰሰበት፣ ቀጥሎ ነጭ ጋዝ፣ አሁን ደግሞ በእሳት ላሙቀው ይላል። ልጆች አሉ። ምን ልበለው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ቤንዚኑን በይው። ታንከሩ ሳይወርድና ከግቢው ራቅ ሳይል ክብሪት አይጫርም። ነጩ ጋዝም እስኪደርቅ ይጠበቅ። ልጆቹ ቤት ይግቡ፤ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገቡ ይሁን።

ኮካው ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለ ዝገት ትንሽ ይነካል፤ ግን በጣም አዝጋሚ ነው፣ ስኳሩም እየተጣበቀ ይቀራል። ብርጭቆ ውስጥ ቢቀዳው ይሻላል። ነጭ ጋዝ ጊዜ ከተሰጠው ይረዳል።

ሙቀት ግን እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ቦታውን ካወቁት። የሞተር ሳይክል ኢንጅን አካል አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኑ ደግሞ ብረት። በእኩል ሙቀት አሉሚኒየም ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ስለዚህ የሚሞቀው ብሎኑ ሳይሆን በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ነው፤ ቀዳዳው ሰፋ ይልና ብሎኑን ይለቀዋል። ለዚህ ነበልባል እንኳ አያስፈልግም። የፈላ ውሃ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብሎኑ በቀይ የብሎን ማጣበቂያ የታሰረ ከሆነ ግን ውሃ አይበቃውም፤ ያ ማጣበቂያ የሚለሰልሰው ወደ 250 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በዚያ ሙቀት አጠገቡ ያለው ፓራኦሊዮ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ይቃጠላል። እንዲህ ያለውን ሥራ ለጋራዥ ይተወው።

ከአዳማ፦ «የዘይት መፍሰሻው ብሎን ጭንቅላቱ ክብ ሆነ። ቁልፍ አይዝልኝም።»

አፉ ክፍት በሆነው ቁልፍ ጀምረህ መሆን አለበት። እሱ የሚይዘው ሁለት ጎን ብቻ ነው። ለጠበቀ ብሎን ሁልጊዜ ጭንቅላቱን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቁልፍ፣ ቡሶላ፣ እሱም ውስጡ ስድስት ማዕዘን የሆነው። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ጥጉን ብቻ ይዞ ይልጠዋል። አሁን ለተበላው፣ ኢንጅኑን ለብ አድርግና አንድ ቁጥር የሚያንስ ቡሶላ በመዶሻ መትተህ አስገባበት። ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል። ተጋድመህ ስትሠራ አቅጣጫ ይምታታል፤ የብሎኑን ጭንቅላት ፊት ለፊት እያየህ ወደ ግራ ነው።

ይህ ብሎን የሚበላሸው ሲፈታ ሳይሆን ሲታሰር ነው። መመሪያ መጽሐፉ ለምሳሌ 25 ኒውተን ሜትር ካለ፣ 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ ወደ 13 ኪሎ መጫን ማለት ነው። በእግር የሚረገጥ ነገር የለውም። ዘይት ካንጠባጠበ ከብሎኑ ጭንቅላት ሥር ያለውን ቀለበት፣ ሮንዴላውን፣ ቀይር።

ከጎንደር፦ «6 ሚሊ ብሎን ቴስታታ ውስጥ ተሰብሮ ቀረብኝ። የተሰበረ ብሎን ማውጫ ልግዛ ወይ?»

ዛሬ ምንም አትሥራ። ቀልዴን አይደለም። ብሎን የሰበረ እጅ በዚያው ቀን ትራፓኖ መያዝ የለበትም።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሰው ሞተር ላይ ብሎን ሰበርኩ። ተናድጄ ወዲያው በሳሁት፤ ቀዳዳው ወደ ጎን ሄደ። ማውጫውን አስገብቼ ስጠመዝዝ እሱም ውስጥ ተሰበረ። ማውጫ ከጠንካራ ብረት ነው የሚሠራው፤ ተራ ፑንታ ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይበሳውም። አንድ ችግር የነበረው ቴስታታ ሁለት ሆነበት። ቶርኖ ቤት ወስጄ ከኪሴ ከፈልኩ።

ነገ ጠዋት በቀን ብርሃን እየው። ጥቂት ሚሊ እንኳ ከወጣ ዘይት አጠጣውና በፒንሳ ሞክር። ከሌለ ደህና በያጅ ፈልግ። ጉቶው ላይ ዳዶ አስቀምጦ መሃሉን ይበይደዋል፤ ብየዳው ራሱ ሙቀት ስለሆነ ዝገቱን ያስለቅቃል፣ ዳዶው ደግሞ ለቁልፍ መያዣ ይሆንሃል። የባትሪውን ገመድ ቀድመህ ንቀል። ቦታውን በብሬክ ማጽጃ ስፕሬይ አታጽዳው፤ አንዳንዱ ክሎሪን ስላለው በብየዳ ሙቀት መርዛማ ጋዝ ይሆናል።

መብሳት ግድ ከሆነ መሃሉን በሹል ብረት ምታና ምልክት አድርግ። በ3 ሚሊ ፑንታ፣ በዝግታ፣ ዘይት እየጨመርክ ብሳ። ወደ ግራ የሚዞር ፑንታ ካገኘህ ተገላገልክ፤ እየበሳ ሳለ ራሱ ይዞት ሊወጣ ይችላል። ሁሉም እምቢ ካለ ጠቅላላውን በ5 ሚሊ ብሳና ጥርስ በሚቆርጠው መሣሪያ፣ በማስኪዮ፣ ጥርሱን አድስ። ብሎኑ 8 ሚሊ ቢሆን ኖሮ ፑንታው 6.8 ሚሊ ይሆን ነበር።

እዚያው ከጎንደር ስልኩን ሳይዘጋ የጨመረው፦ «አዲሱን ስመልስ ግራሶ ልቀባው?»

ማርሚታው ላይ ከሆነ ተራው ግራሶ ይቃጠላል፤ መዳብ ያለበትን ስስ አድርገህ ቀባ። የተቀባ ብሎን በቀላሉ ስለሚሄድ እንደ ደረቁ አትጎትተው፣ ያልፍብሃል። የፍሬን ዲስክ ብሎን ላይ ግን ምንም ዓይነት ግራሶ እንዳይደርስ። እሱ የሚፈልገው የብሎን ማጣበቂያ ነው።